ምክር ቤት ሲጠይቅ መዝገብ ይመልሳል

(ስለ ምክር ቤት ኮሚቴዎች የመመርመርና የመቆጣጠር ሥልጣን በራዲዮ የተነገረ)



በሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 58 እንደ ተደነገገው፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የዓመት ስብሰባውን የሚጀምረው በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ቀን ነው። በዚያው ሰሞን በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ እስከ ቦንጋም ድረስ ቡናው መቅላት ይጀምራል። ገበሬው እሸቱን ለቅሞ ወደ ሚዛን ሲያቀርብ፣ ምክር ቤቱም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሥራ ወደ ሚዛን ለማቅረብ ኮሚቴዎቹን ይሰበስባል። የሁለቱ ወቅት መገጣጠም በአጋጣሚ የሆነ ቢሆንም የሚያስተምረን ነገር አለ። ሚዛን ያለ ደረሰኝ ገበሬውን እንደማይጠቅመው ሁሉ፣ የምክር ቤት ጥያቄም ያለ መዝገብ ሕዝቡን አይጠቅመውም።

ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ይኸው ነው። የምክር ቤት ኮሚቴዎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ለመጠየቅ፣ ለመመርመርና ለመቆጣጠር ያላቸው ሥልጣን ከየት የመጣ ነው? እስከ ምን ድረስስ ይደርሳል? በየጽሕፈት ቤቱ ተቀምጣችሁ የመንግሥትን ሥራ ለምትሠሩ ለእናንተስ ምን ያገባችኋል? ብዙ ሰው ይህ ነገር የሚኒስትሮችና የእንደራሴዎች ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሚኒስትሩ በኮሚቴው ፊት ቀርቦ የሚናገረው እናንተ የጻፋችሁትን ነው፤ ኮሚቴውም የሚያነበው እናንተ ያስቀመጣችሁትን ነው።

የመመርመር ልማድ በአገራችን

ሕዝብ ተሰብስቦ መመርመር ለአገራችን ባዕድ ነገር አይደለም። በቀድሞ ዘመን ሌባ ከብት ነድቶ ቢሄድ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ቢሠወር፣ የአገሩ ሰው «አፈርሳታ» ወይም «አውጫጭኝ» በሚባለው ጉባኤ ይሰበሰብ ነበር። ከዚያም የሰማ የሰማውን፣ ያየ ያየውን በመሐላ እየተናገረ በዳዩ እንዲወጣ ይደረግ ነበር። በኦሮሞም ባህል «ጨፌ» ማለት ለምለም መስክ ማለት ሲሆን፣ የገዳ ጉባኤ በዚያ መስክ ላይ ተቀምጦ ስለ ሕዝቡ ጉዳይ ይመክር ነበር። ዛሬ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት «ጨፌ ኦሮሚያ» ተብሎ መጠራቱ ከዚሁ የመጣ ነው።

ይሁን እንጂ በቀድሞው ምርመራና በዛሬው መካከል አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። አፈርሳታ የሚደገፈው በሰው ትዝታና በመሐላ ነበር፤ የተሰረቀው በሬ የማን እንደ ሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃልና። የመንግሥት ገንዘብ ግን እንደ በሬ በመልኩ አይታወቅም። ከግምጃ ቤት ወጥቶ በስንት እጅ እንዳለፈና በመጨረሻ ምን እንደ ተሠራበት የሚናገረው ወረቀት ብቻ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ጭምር የተናገሩት ይመስላል።

ሥልጣኑ ከየት መጣ

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ አባላቱ ግን በሕዝቡ ቀጥተኛ ድምፅ የሚመረጡ አልነበሩም። በጥቅምት ወር 1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያውን እንደራሴዎች ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ አደረገ። ሚኒስትሮችም ስለሚወጣው ሕግ ከምክር ቤቶቹ ለሚቀርብላቸው ጥያቄ በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲመልሱ፣ ዋናው ኦዲተርም ስለ መንግሥት ሒሳብ ለንጉሠ ነገሥቱና ለፓርላማው መግለጫ እንዲያቀርብ ተደነገገ። ነገር ግን ሚኒስትሮች የሚሾሙትም የሚሻሩትም በንጉሠ ነገሥቱ ስለ ነበረ ኃላፊነታቸው ለዙፋኑ እንጂ ለምክር ቤቱ አልነበረም። እንደራሴው መጠየቅ ይችል ነበር፤ መልሱ ባያረካው ግን ሊያደርግ የሚችለው እጅግ ጥቂት ነበር።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ የባለሥልጣኖችን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሲዮን ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩም ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ኮሚሲዮኑ ስለ ወሎ ረኃብ ማን ምን ያውቅ እንደ ነበረና መቼ እንዳወቀው መርምሮ ዘገባ አቀረበ። ሥራውን ሁሉ ገና ሳይፈጽም ግን በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚሆኑ የቀድሞ ባለሥልጣኖችንና ሌሎች ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ከዚህ የምንማረው መርማሪ ሌላ፣ ፈራጅ ሌላ መሆኑን ነው። ሁለቱን የሚለየው ድንበር ሲፈርስ ምርመራው እውነትን መፈለጊያ መሆኑ ቀርቶ የቂም መወጫ ይሆናል።

በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ነገሩን ከቀድሞው በተለየ ሁኔታ ደንግጓል። በአንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነታቸው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣኖችን ለጥያቄ ይጠራል፤ የሕግ አስፈጻሚውንም አካል አሠራር ይመረምራል። በንዑስ አንቀጽ 18 ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ተወያይቶ አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃ ለመውሰድ ይችላል። በንዑስ አንቀጽ 19 ደግሞ ቋሚና ጊዜያዊ ኮሚቴዎችን ያቋቁማል። ከዚህም ሁሉ በላይ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭም ኃላፊነቱን ባጓደለ ጊዜ ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል።

ኮሚቴ ለምን አስፈለገ

ምክር ቤቱ እስከ 550 የሚደርሱ አባላት ሊኖሩት የሚችል ትልቅ ጉባኤ ነው። ይህን የሚያህል ጉባኤ የአንድን መሥሪያ ቤት የግዢ ሰነድ ገጽ በገጽ ለመመርመር አይመቸውም። ስለዚህ አባላቱ በየሙያው ተከፋፍለው ጥቂቶቹ የግብርናውን፣ ጥቂቶቹ የንግዱን፣ ሌሎቹም የጤናውን ወይም የትምህርቱን ጉዳይ ይከታተላሉ። ቋሚ ኮሚቴ የሚባለው ይህ ነው። የአንድን መሥሪያ ቤት ሥራ ከዓመት እስከ ዓመት ስለሚከታተል፣ አምና የተገባለትን ቃል ዘንድሮ ለማስታወስ ይችላል። ጊዜያዊ ኮሚቴ ግን ለአንድ ጉዳይ ብቻ ተቋቁሞ ያን ጉዳይ ሲፈጽም የሚበተን ነው።

ከቋሚዎቹ መካከል የመንግሥትን ወጪ የሚከታተለው ኮሚቴ የተለየ ሥራ አለው። ይህ ኮሚቴ የሚሠራው ከዋናው ኦዲተር ጋር እጅና ጓንት ሆኖ ነው። በአንቀጽ 101 መሠረት ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ዘገባውን የሚያቀርበው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የራሱንም በጀት በቀጥታ ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያስጸድቃል። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ተመርማሪው የመርማሪውን ቀለብ የሚሰፍርለት ከሆነ ምርመራው ከንቱ ይሆናልና።

የዚህ ዓይነቱ ኮሚቴ ምሳሌ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ሒሳብ ኮሚቴ ነው። በዚያ አገር ልማድ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ከተቃዋሚው ወገን ይሆናል። ጥያቄ የሚያቀርበው ሰው መልስ ከሚሰጠው ሰው ጋር በአንድ ማዕድ የሚቆርስ እንዳይሆን የታሰበ ነው። በእኛም አገር በ2014 ዓ.ም. የመንግሥት ወጪ ኮሚቴ ሊቀ መንበርነት ለተቃዋሚ ፓርቲ አባል ተሰጥቶ ነበር።

አንድ ኩንታል ቡና ስንት ጠያቂ አለው

አሁን ነገሩን ወደ ጅማ መልሰን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ የአጋሮ ገበሬ እሸት ቡናውን ለቅሞ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ወሰደ እንበል። የሚዛኑን ትክክለኛነትና የነጋዴውን ፈቃድ የሚቆጣጠረው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ይህ ጽሕፈት ቤት የሚጠየቀው በወረዳው ምክር ቤት ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት መመሪያ የሚቀበለው ከክልሉ ቢሮ ነው፤ ቢሮውን የሚጠይቀው የጨፌ ኦሮሚያ ቋሚ ኮሚቴ ነው። ቡናው ታጥቦና ደርቆ ወደ ማዕከላዊ ገበያ ሲጓዝ ደግሞ የፌዴራሉ የቡናና ሻይ ባለሥልጣን የሚቆጣጠረው ይሆናል፤ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 550 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም መጋዘን አለው። እነዚህን የሚጠይቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ቡናው የቦንጋ ቢሆን ኖሮ በመካከሉ ያለው ጠያቂ ጨፌው ሳይሆን በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ምክር ቤት ይሆን ነበር።

እንግዲህ አንድ ኩንታል ቡና ሦስት ጠያቂ ምክር ቤቶች አሉት ማለት ነው። ይህ መልካም ነገር ሆኖ ሳለ አደጋም አለበት። ገበሬው «ሚዛኑ አጓደለብኝ» ብሎ ሲጮህ ወረዳው ወደ ክልል፣ ክልሉ ወደ ፌዴራል፣ ፌዴራሉም ወደ ወረዳ እያመለከተ ጥያቄው በመንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ከ50 ኪሎ እሸት ላይ ሚዛኑ 2 ኪሎ ቢያጓድል፣ 1,000 ኪሎ ያቀረበ ገበሬ 40 ኪሎ ያጣል። በዓመቱ መጨረሻ ልጁን ለማስተማር ወይም ጣራውን በቆርቆሮ ለመክደን ያሰበው ገንዘብ በዚያ 40 ኪሎ ውስጥ ነበር።

ኮሚቴ መጥቶ ይህን ጉዳይ ሲመረምር የሚጠይቀው ምንድር ነው? ሚዛኑ የተፈተሸበትን ቀን፣ የፈታሹን ፊርማ፣ ለገበሬው የተሰጠውን ደረሰኝ ቀሪና የአቤቱታውን ገቢ ቁጥር ነው። እነዚህ አራት ወረቀቶች ካሉ እውነቱ በአንድ ቀን ይወጣል። ከሌሉ ግን ገበሬው «ጎደለብኝ»፣ ሠራተኛው «አልጎደለም» እያሉ ይለያያሉ፤ ኮሚቴውም የሁለት ሰዎችን ቃል ይዞ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል

የኮሚቴ ሥራ አራት ደረጃዎች አሉት ለማለት ይቻላል። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤቱ በየጊዜው የሚያቀርበውን የሥራ ዘገባ ከዕቅዱ ጋር ማመዛዘን ነው። ሁለተኛው ወደ ሥፍራው ሄዶ በዓይን ማየት ነው። በወረቀት «ተጠናቋል» የተባለው ድልድይ በወንዙ ላይ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሦስተኛው የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊዎች ጠርቶ በይፋ መጠየቅ ነው። የኦዲት ዘገባ በሚታይበት ጊዜ ኮሚቴው ጥያቄውን አስቀድሞ በጽሑፍ አዘጋጅቶ ኃላፊዎቹንም ኦዲተሮቹንም በአንድ ላይ ያቀርባል። አራተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ የተገኘው ስሕተት እስከ መቼና በማን እንደሚታረም ቀን ቆርጦ በቀኑ ተመልሶ መጠየቅ ነው።

ኦዲቱም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የሒሳብ ኦዲት ገንዘቡ በሕጉ መሠረት ወጥቷልን? ብሎ ይጠይቃል። የክዋኔ ኦዲት ግን ከዚያ አልፎ፣ ገንዘቡ በሕግ ቢወጣም የታሰበውን ጥቅም አስገኝቷልን? ብሎ ይጠይቃል። ደረሰኙ የተሟላ፣ ፊርማው ያልተጓደለ፣ ማኅተሙም የተመታ ሆኖ ሳለ ሥራው ግን ለማንም ያልጠቀመ ሊሆን ይችላልና።

የያዩ ትምህርት

ከጅማ በአጋሮና በበደሌ በኩል ወደ መቱ የሚወስደውን መንገድ የተከተለ ሰው ያዩን ያገኛል። የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው፣ የዱር ቡና የሚበቅልበት ደን ነው። በዚያው አካባቢ ከመሬቱ በታች የድንጋይ ከሰል አለ። በዚህ ከሰል ዩሪያ የተባለውን ማዳበሪያ ለመሥራት ታስቦ በ2004 ዓ.ም. የፋብሪካው ግንባታ ለቀድሞው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ። ዋጋውም ከ10 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር። ማዳበሪያን በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር አሳቡ በራሱ የሚነቀፍ አልነበረም።

ነገር ግን ዓመት ዓመትን እየተካ ቢሄድም ፋብሪካው አልቆመም። የሥራው መዘግየት በምክር ቤቱ ኮሚቴዎች ፊት ከአንድ ጊዜ በላይ ተነሥቷል። ሆኖም ጥያቄው ሲቀርብ ገንዘቡ መውጣቱን ቀጥሎ ነበር። በመጨረሻ ሥራው ከግማሽ ሳያልፍ ከኮርፖሬሽኑ እጅ ወጣ። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው፣ ኮርፖሬሽኑ ባለፉት ዓመታት 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ አገር ግዢ የፈጸመው ያለ ጨረታ ነበር።

አንባቢያን ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ይህ ሁሉ ሲሆን የመጠየቅ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ተጽፎ ነበር። ምክር ቤቱም ኮሚቴ ነበረው፤ ኦዲተርም ነበረው። ታዲያ ምን ጎደለ? ጥያቄ ከመልስ፣ መልስም ከቀንና ከሰነድ ጋር ካልታሰረ ሥልጣኑ ባዶ ድምፅ ይሆናል። «ሥራው በምን ደረጃ ላይ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «በመልካም ሁኔታ እየተካሄደ ነው» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። «እስከ ዛሬ የተከፈለው ገንዘብ ስንት ነው? የተሠራውስ ሥራ በአማካሪው መሐንዲስ ፊርማ የተረጋገጠው ስንት ነው? ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ቀጣዩ ክፍያ ለምን አይቆምም?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን በመልካም ቃል ማምለጥ አይቻልም። ወረቀቱ መቅረብ አለበት። ካልቀረበም አለመቅረቡ ራሱ መልስ ነው።

የገበሬው ጉዳትም በዚህ ይታያል። በያዩ ፋብሪካ ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ማዳበሪያ ሆኖ ወደ ማሳ አልተመለሰም። ገንዘቡ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን የአገር ሀብት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ከጅማና ከኢሉባቦር ኮረብታዎች ተለቅሞ ወደ ውጭ የሚላከው ቡና ድርሻ አለበት።

የሌላ አገር ምሳሌ

በወረቀት መመርመር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1791 ዓ.ም. በጄኔራል አርተር ሴንት ክሌር የሚመራ የአሜሪካ ጦር ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋር ተዋግቶ ድል ሆነ፤ ከ600 የሚበልጡ ወታደሮችም ሞቱ። ሁሉም ጣቱን ወደ ጄኔራሉ ቀሰረ። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ አቋቁሞ ሰዎችን እንዲጠራና ሰነዶችን እንዲያስቀርብ ሥልጣን ሰጠው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ከሚኒስትሮቻቸው ጋር ከመከሩ በኋላ ወረቀቶቹ እንዲሰጡ ፈቀዱ። ኮሚቴው መርምሮ ያገኘው ነገር ከወሬው የተለየ ነበር። ስንቁና ልብሱ በጊዜው አልደረሰም፤ የቀረበውም ዕቃ የተበላሸ ነበር፤ ወታደሮቹም በሚገባ አልሠለጠኑም። ስለዚህ የጥፋቱ ሥር በጦር ሜዳው ላይ ሳይሆን ስንቅና ትጥቅ በሚያቀርቡት ዘንድ ተገኘ። ከዚህ እንደምናየው መዝገብ ጥፋተኛውን የሚያጋልጠውን ያህል ንጹሑንም ያድናል። ወረቀት የሚፈራ ሠራተኛ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

የሥልጣኑ ወሰን

የመመርመር ሥልጣን ግን ወሰን የሌለው አይደለም። በሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ ነው። ስለዚህ ኮሚቴ ሰውን «ሌባ ነህ» ብሎ ሊፈርድበት፣ ሊያስረው ወይም ሊቀጣው አይችልም። የወንጀል ምልክት ሲያገኝ ለሚመለከተው አካል ያስተላልፋል። እንዲሁም ኮሚቴ አስፈጻሚ አይደለም። ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መቅጠር፣ ጨረታውን መክፈት፣ ቡናውን ደረጃ መስጠት የእርሱ ሥራ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1957 ዓ.ም. በዋትኪንስ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ የምክር ቤት ምርመራ ከሕግ ማውጣት ሥራው ጋር የተያያዘ መሆን እንዳለበት፣ ሰውን ለማጋለጥ ብቻ ሲባል መመርመር እንደማይገባ አስታውቋል።

መርማሪው ራሱ ነጻ ካልሆነም ምርመራው ጥርጣሬን ያተርፋል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ሥፍራዎች የሰው ሕይወት በጠፋ ጊዜ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 478/1998 አጣሪ ኮሚሲዮን አቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ ከአገር ወጥተው፣ ኮሚሲዮኑ አስቀድሞ በድምፅ የወሰነው የመንግሥት ኃይሎች የተጠቀሙበት ኃይል ከመጠን ያለፈ እንደ ነበረ ነው አሉ። በጥቅምት ወር 1999 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ የቀረበው ዘገባ ግን ኃይሉ ከመጠን አላለፈም የሚል ነበር። በፍርዱ እንዲህ ቢለያዩም በአንድ ነገር አልተለያዩም፤ ይኸውም የሞቱት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሆናቸው ነው። ከሆስፒታልና ከቤተ ሰብ ተጠይቆ ሞት በቁጥር ሲመዘገብ፣ ሰዎች በትርጓሜው ቢጣሉም ሟቹ «አልነበረም» ሊባል አይችልም።

ከእናንተ የሚጠበቀው

እንግዲህ የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባቢያን፣ ነገሩ ወደ እናንተ ጠረጴዛ ደርሷል። ኮሚቴ ይመጣል በተባለ ቀን ግቢ ሲጠረግ፣ ግድግዳ ሲቀባና ዘገባ በሌሊት ሲገለበጥ ያየ ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ለእንግዳ የሚደረግ ሽርጉድ ነው እንጂ ለጠያቂ የሚሰጥ መልስ አይደለም። መልሱ የሚዘጋጀው በየዕለቱ ነው። ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 በዕለቱ ይቆረጥ። ስብሰባ ሲደረግ ቃለ ጉባኤው ሳይውል ሳያድር ይጻፍ፤ የተለየ አሳብ ያቀረበ ሰውም ካለ አሳቡ አብሮ ይግባ። የቃል ትእዛዝ ሲሰጣችሁ በትሕትና በጽሑፍ እንዲሆን ጠይቁ። ቦታ ስትለቁ ወይም ስትዛወሩ መዝገቡን በርክክብ አስረክቡ። ሰው ሲሄድ ወረቀቱ አብሮ ከሄደ፣ መሥሪያ ቤቱ ትዝታውን እንዳጣ ሽማግሌ ይሆናልና።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አሮጌ አባባል በየቡና ቤቱ እየተሳቀበት ይነገራል። ነገር ግን ይህ አባባል ሊቆይ የቻለው የሚበላ ስላለ ብቻ ሳይሆን የሚጽፍ በመጥፋቱም ጭምር ነው። የበላው መጠን፣ ቀንና መንገድ ተጽፎ ቢገኝ ኖሮ ቁጭቱ ላልበላው ሳይሆን ለበላው ይሆን ነበር። ጥፋት አይቶ ለመናገር ለሚፈራም ሠራተኛ ሕግ አልረሳውም። የወንጀል ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል።

እንደራሴዎቹም በበኩላቸው ከሠራተኛው ትጋት የሚያንስ ትጋት ሊኖራቸው አይገባም። ዘገባውን አስቀድመው ሳያነቡ ወደ ስብሰባ መምጣት፣ አምና የጠየቁትን ዘንድሮ መርሳት፣ በመስክ ጉብኝት ጊዜ ከተዘጋጀው መንገድ ሳይወጡ መመለስ የተሰጣቸውን ሥልጣን ማባከን ነው። መጠየቅ የሚገባቸው ኃላፊውን ብቻ ሳይሆን በሚዛኑ አጠገብ ከረጢቱን ተሸክሞ ተራ የሚጠብቀውን ገበሬ ጭምር ነው።

በሚመጣው መስከረም መጨረሻ ምክር ቤቱ ሲከፈት፣ በአጋሮና በሊሙም እሸቱ ወደ ሚዛን ሲወጣ፣ በሁለቱም ሥፍራ የሚፈለገው ነገር አንድ ነው፤ ያልተዛባ ሚዛንና በዕለቱ የተቆረጠ ደረሰኝ። ገበሬው ደረሰኙን በኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የደረሰኙ ቀሪ ግን በእናንተ መዝገብ ቤት ነው፤ ጠያቂው በመጣ ቀን በቦታው ይገኝ።